የሶፍትዌር ፈቃድ አጠቃቀም ክትትል፦ «ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉ ቀበሌዎች ወደ ወረዳ ከተማ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ተገልጋይ ረጅም መንገድ ተጉዞ መስኮት ላይ ሲደርስ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ይህ አጭር መልስ በርካታ ምክንያቶችን ይሸፍናል። የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ፣ የኢንተርኔት መስመር መበላሸትና የሰርቨር ብልሽት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሥራው የሚከናወንበት ሶፍትዌር የአጠቃቀም ፈቃድ ማብቃቱ ወይም በፈቃዱ የተወሰነው የተጠቃሚ ቁጥር መሙላቱም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። የመጨረሻው ምክንያት ከሌሎቹ ይለያል። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ የፈቃድ ማብቂያ ቀን ግን ግዥው ሲፈጸም በውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ በፈቃድ ምክንያት የሚደርስ የአገልግሎት መቋረጥ አስቀድሞ ሊታወቅና ሊወገድ የሚችል ነው።

ይህ ጽሑፍ የሶፍትዌር ፈቃድ ምን እንደሆነ፣ በመሥሪያ ቤቶች የሚመደብ የሥርዓት አስተዳዳሪ (ሲስተም አድሚኒስትሬተር) አጠቃቀሙን እንዴት እንደሚከታተል፣ ክትትሉ ከሕዝብ ገንዘብና ከአገልግሎት ጥራት ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲሁም ተገልጋዮች በዚህ ረገድ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

የሶፍትዌር ፈቃድ ምንነት

አንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲገዛ በአብዛኛው የሚያገኘው የፕሮግራሙን ባለቤትነት ሳይሆን በተወሰነ ሁኔታ የመጠቀም መብትን ነው። ይህ መብት «ፈቃድ» ወይም በተለምዶ «ላይሰንስ» ይባላል። ፈቃዱ ፕሮግራሙ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫን፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግልና ለምን ዓላማ እንደሚውል ይወስናል።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከተደረገላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከተፈቀደለት ቁጥር በላይ በሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ መጫን ወይም ለሦስተኛ ወገን አባዝቶ ማከፋፈል ግን የመብት ጥሰት ሲሆን በፍትሐ ብሔርና በወንጀል ተጠያቂነትን ያስከትላል። ይህ ጥበቃ ለውጭ ኩባንያዎች ብቻ የተደረገ አይደለም። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን ያዘጋጁ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም ከልፋታቸው ተገቢውን ጥቅም የሚያገኙት ይኸው መብት ሲከበር ነው።

የፈቃድ ዓይነቶች

ክትትል የሚጀምረው የተገዛው ፈቃድ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከመለየት ነው። በመሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚገኙት የሚከተሉት ናቸው።

በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈቃድ፦ ፕሮግራሙ በአንድ በተለየ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ወይም ሲወገድ ፈቃዱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መዛወር ይችል እንደሆነ በውሉ ይወሰናል።

በተጠቃሚ ስም የሚሰጥ ፈቃድ፦ ፈቃዱ ለአንድ ሠራተኛ መለያ የተመደበ ነው። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ፈቃዱን አንስቶ ለተተኪው መመደብ ያስፈልጋል።

በአንድ ጊዜ በሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር የሚሰጥ ፈቃድ፦ ፕሮግራሙ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሊጫን ይችላል፤ በአንድ ቅጽበት ሊከፍቱት የሚችሉት ግን የተወሰኑ ሰዎች ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ሲሞላ ቀጣዩ ሠራተኛ ፕሮግራሙን መክፈት አይችልም። ይህ ዓይነት በካርታና በምሕንድስና ሶፍትዌሮች እንዲሁም በዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ላቦራቶሪዎች የተለመደ ነው።

በጅምላ የሚሰጥ ፈቃድ፦ ለብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ውል የሚገዛ ነው። ለምሳሌ የማይክሮሶፍት የማግበሪያ ሰርቨር የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ማግበር የሚጀምረው ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ሲቀርቡለት ነው። የገበሩት ኮምፒውተሮችም በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አለባቸው። 12 ኮምፒውተሮች ብቻ ያሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለዚህ የራሱን የማግበሪያ ሰርቨር ከማቋቋም ይልቅ በሌላ ዓይነት ቁልፍ ቢጠቀም ይሻለዋል። በዞን ሰርቨር የሚገለገል ጽሕፈት ቤት ደግሞ የኔትወርክ መስመሩ ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ 180ው ቀን ከማለፉ በፊት ኮምፒውተሮቹን ማገናኘት ይጠበቅበታል።

በየጊዜው የሚታደስ የደንበኝነት ፈቃድ፦ በወር ወይም በዓመት የሚከፈልበት ሲሆን ክፍያው ሲቋረጥ ሙሉ አገልግሎቱም ይቋረጣል።

ክትትሉ በአካባቢው ያለው ትርጉም

የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫ የሆነችው ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር፣ ከክልሉ ርእሰ ከተማ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የሶፍትዌር አቅራቢዎችና ወኪሎቻቸው በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። በከተማዋ ወይም በዙሪያዋ ባለ ወረዳ የፈቃድ ችግር ሲፈጠር መፍትሔው በደብዳቤ ልውውጥ፣ በዋጋ ማቅረቢያና በክፍያ ሂደት የሚያልፍ በመሆኑ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ተገልጋዩ የሚጠብቀው ይህንኑ ጊዜ ነው።

አካባቢው በመዝገብ አያያዝ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን መመዝገብና ለአርሶ አደሩ ደብተር መስጠት ሲጀምር በ1990ዎቹ አጋማሽ በስዊድን ድጋፍ ሥራው ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሚገኘው በጎዛምን ወረዳ ያለው የአዲስና ጉሊት ቀበሌ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ይዞታው በአብዛኛው በባህላዊ መንገድ እየተለካ በወረቀት መዝገብ ይሰፍር ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን የማሳው ወሰን ከአየር በተነሣ ምስል ላይ ተለይቶ በኮምፒውተር ይያዛል። የወረቀት መዝገብን ለመክፈት ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። የኮምፒውተር መዝገብን ለመክፈት ግን ስርዓተ ክወናው፣ የመረጃ ቋቱና የካርታ ሶፍትዌሩ ሁሉ የሚሠሩና የተፈቀዱ መሆን አለባቸው። የውርስ፣ የስጦታ ወይም የኪራይ ውል ለማስመዝገብ የመጣ አርሶ አደር ጉዳዩ የሚያልቀው እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ ነው።

የበጀትና የወጪ ሥርዓት (አይቤክስ) በሚገለገሉ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች፣ በጤና ተቋማትና በትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። መንግሥት በራሱ ወጪ ያሠራው ሥርዓት እንኳ ከሥሩ በሚገኝ ስርዓተ ክወናና የመረጃ ቋት ላይ ይቆማል። የእነዚህ ፈቃድ ካልተጠበቀ የላይኛውም ይቆማል።

ሦስቱ ቁጥሮች

የሥርዓት አስተዳዳሪ የክትትል ሥራ በሦስት ቁጥሮች ይጠቃለላል፤ የተገዛው ስንት ነው? የተጫነው ስንት ነው? በሥራ ላይ ያለውስ ስንት ነው? የመጀመሪያው ከግዥ ሰነድ፣ ሁለተኛው ከኮምፒውተሮች ቆጠራ፣ ሦስተኛው ከአጠቃቀም መዝገብ ይገኛል። ሦስቱ ጎን ለጎን ካልታዩ መሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም።

ለማሳያ ያህል 60 ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈትና ለሠንጠረዥ ሥራ 45 ፈቃዶች ገዝቷል እንበል። ቆጠራ ሲደረግ ፕሮግራሙ በ58 ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ተገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ የተመለከተ ኃላፊ 13 ፈቃድ ጎድሏል ብሎ ተጨማሪ ግዥ ይጠይቃል። የአጠቃቀም መዝገቡ ሲታይ ግን ባለፉት 90 ቀናት ፕሮግራሙን የከፈቱት 38 ኮምፒውተሮች ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ 20ዎቹ የተበላሹ፣ በመጋዘን ያሉ ወይም ለሌላ ሥራ የዋሉ ናቸው። ከእነዚህ ላይ ፕሮግራሙ በአግባቡ ሲነሣ መሥሪያ ቤቱ ከሕግ ጥሰት ይወጣል፤ በእጁም 7 ትርፍ ፈቃድ ይቀራል። 13 ፈቃድ እንዲገዛ የሚጠይቀው ደብዳቤ አያስፈልግም ማለት ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታሰብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚሸጠው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከዚያ በፊት ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የአንዱ ፈቃድ ዋጋ 100 ዶላር ቢሆን 13 ፈቃዶች በቀድሞው ተመን 74,100 ብር ገደማ ይፈጁ ነበር፤ በአዲሱ ተመን ግን ከ130,000 ብር በላይ ይጠይቃሉ። የዶላር ዋጋው ሳይለወጥ የብር ወጪው በእጅጉ አድጓል። ማንም የማይጠቀምበትን ፈቃድ ማደስ ከዚህ በፊት ከነበረው የበለጠ ብክነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክትትሉ የሚከናወንበት መንገድ

ሶፍትዌር በዐይን የሚታይ ዕቃ ባለመሆኑ በተለመደው የንብረት አያያዝ በቀላሉ ይዘነጋል። ኮምፒውተር ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ለሠራተኛ ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። የፈቃዱ ቁልፍ ግን በአንድ ወረቀት ወይም በኢሜይል ደርሶ በአንድ ባለሙያ እጅ ሊቀር ይችላል። ባለሙያው ሲለቅ ቁልፉም፣ ውሉም፣ የማብቂያ ቀኑም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለፈቃዶች የተለየ መዝገብ መክፈት ነው። መዝገቡ የሶፍትዌሩን ስምና ቅጂ፣ የፈቃዱን ዓይነትና ብዛት፣ የግዥ ሰነዱን ቁጥር፣ የአቅራቢውን አድራሻ፣ የተጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን እንዲሁም ኃላፊነቱን የያዘውን የሥራ ክፍል መያዝ አለበት። የሶፍትዌር ንብረት አስተዳደር ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 19770 የሚያስቀምጠውም የተገዛውንና በሥራ ላይ ያለውን በመደበኛነት እያስተያዩ የመምራት ሥርዓትን ነው።

ሁለተኛው ሥራ የተጫነውን መቁጠር ነው። ጥቂት ኮምፒውተሮች ባሉበት ቢሮ እየዞሩ መመዝገብ ይበቃል። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን በኔትወርክ በኩል ራሱ የሚቆጥር ፕሮግራም ያስፈልጋል። ጂኤልፒአይ እና ኦሲኤስ ኢንቬንተሪ የተባሉት ፕሮግራሞች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ሲሆኑ የክፍት ምንጭ በመሆናቸው ያለ ፈቃድ ክፍያ ይገኛሉ።

ሦስተኛው ሥራ አጠቃቀሙን መከታተል ነው። በአንድ ጊዜ በሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር የተገዛ ፈቃድ ያለው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ሰርቨሩን መዝገብ በማየት ከፍተኛው የተጠቃሚ ቁጥር ስንት እንደደረሰ፣ በየትኛው ሰዓት እንደደረሰና ስንት ሠራተኛ ፈቃድ አጥቶ እንደተመለሰ ማወቅ ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። የሰርቨር መዝገብ ሰዓትን የሚጽፈው በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ነው። ሰርቨሩ በኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና ከተስተካከለ «09:00» ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በግሪንዊች ሰዓት የተተወ ከሆነ ግን ያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት «06:00» ተብሎ ይመዘገባል። ይህን ያላስተዋለ ሰው የሥራ ሰዓትን ጭንቅንቅ በሌሊት የተፈጠረ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ለምሳሌ 5 ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት የካርታ ሶፍትዌር ያለው ቢሮ፣ በወሩ ውስጥ ፈቃድ አጥተው የተመለሱት ሠራተኞች ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ያጋጠማቸው መሆኑን ከመዝገቡ ቢያይ ወዲያውኑ ስድስተኛ ፈቃድ መግዛት የለበትም። በቅድሚያ ፕሮግራሙን ጠዋት ከፍተው ለስብሰባ ወይም ለመስክ ሥራ የሚወጡ ሠራተኞች መኖራቸውን ያጣራል። ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነ ለ30 ደቂቃ ያልተነካ ፕሮግራም ፈቃዱን እንዲመልስ ማስተካከል ችግሩን ያለ ወጪ ሊፈታው ይችላል። ይህ ተደርጎም መጨናነቁ ካልቀረ የተጨማሪ ግዥ ጥያቄው በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።

አራተኛው ሥራ የሠራተኛ ዝውውርን ከፈቃድ ጋር ማያያዝ ነው። ለቅቆ የሚሄድ ሠራተኛ መልቀቂያ (ክሊራንስ) ሲጠይቅ ላፕቶፑን፣ ማኅተሙንና ቁልፉን ያስረክባል። በክሊራንስ ቅጹ ላይ «የሶፍትዌር መለያና ፈቃድ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር በስሙ የተያዘው ፈቃድ በዚያው ዕለት ይመለሳል። ይህ ካልሆነ መሥሪያ ቤቱ ለሌለ ሠራተኛ መክፈሉን ይቀጥላል፤ ያልተዘጋው መለያም ለመረጃ ደኅንነት ክፍተት ይሆናል።

የማብቂያ ቀንና የበጀት ዓመት

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል። የውጭ አገር ሶፍትዌር ውሎች ግን የሚቆጠሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። «ዲሴምበር 31» የሚል የማብቂያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 አካባቢ ይውላል። የአንድ ዓመት ፈቃድ በበጀት መዝጊያ ሰሞን፣ በሰኔ መጨረሻ ከተገዛ ደግሞ የሚያበቃው በቀጣዩ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ነው። በዚህ ጊዜ የአሮጌው ዓመት ሒሳብ ይዘጋል፤ የአዲሱ በጀት ደግሞ ገና አልተለቀቀም። ፈቃዱ በሁለቱ መካከል ወድቆ አገልግሎቱ ይቋረጣል።

ይህን ለማስቀረት የሥርዓት አስተዳዳሪው ሁሉንም የማብቂያ ቀኖች ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። በበጀት ዝግጅት ወቅት ሠንጠረዡን ለዕቅድና ለፋይናንስ ክፍሎች ያቀርባል፤ ከእያንዳንዱ ማብቂያ ቀን 90፣ 60 እና 30 ቀን አስቀድሞም በጽሑፍ ያሳውቃል። ከአቅራቢው ጋር ተስማምቶ የማብቂያ ቀኑን ወደ ኅዳር ወይም ወደ ጥር ማዛወርም ይቻላል፤ በእነዚህ ወራት በጀቱ በሥራ ላይ ነው።

ከፈቃድ ማብቂያ ጋር የሚምታታው የድጋፍ ማብቂያ ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። በብዙ የካርታ ሥራ ክፍሎች የሚታወቀው አርክማፕም ከየካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በአምራቹ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል። ፕሮግራሙ መሥራቱን ስለሚቀጥል ችግር ያለ አይመስልም፤ ነገር ግን አዳዲስ የደኅንነት ማስተካከያዎች አይደርሱትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በመላው ዓለም ሆስፒታሎችንና መሥሪያ ቤቶችን ሲያግድ የተጎዱት ከሁለት ወር በፊት የወጣውን ማስተካከያ ያልጫኑ ወይም ድጋፋቸው ያበቃ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ስለዚህ በፈቃድ መዝገቡ ላይ የድጋፍ ማብቂያ ቀንም መስፈር ይገባዋል።

«ክራክ» የተደረገ ሶፍትዌር

ፈቃድ ሲጎድል አንዳንድ ጊዜ የሚወሰደው አቋራጭ መንገድ የፕሮግራሙን መቆለፊያ የሚሰብር መሣሪያ ወይም በተለምዶ «ክራክ» የሚባለውን መጠቀም ነው። ይህ ከሕግ ተጠያቂነቱ በተጨማሪ ሁለት ጉዳቶች አሉት። የመጀመሪያው መሣሪያው ሲጫን ጸረ ቫይረሱ እንዲጠፋ መጠየቁ ነው። ተቋሙ በዚያች ቅጽበት በሩን ከፍቶ ምንነቱን የማያውቀውን ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ያስገባል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ የአምራቹን ማስተካከያዎች በአግባቡ የማያገኝ መሆኑ ነው። በዚህ ኮምፒውተር ላይ ያለው የተገልጋዩ ስም፣ የይዞታ ወሰን፣ የሕክምና ታሪክ ወይም የግብር መረጃ ነው። የአቋራጩ ዋጋ የሚከፈለው በተገልጋዩ መረጃ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ሰጪዎችም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ናቸው። ማመልከቻና ውል የሚያስጽፍ ሰው ፍላሽ ዲስኩን በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ይሰካል፤ ያው ፍላሽ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይገባል። ለእነዚህ አነስተኛ ድርጅቶች ሊብረኦፊስን የመሰለ ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራምና ነጻ የአማርኛ የፊደል ገበታ መጠቀም ሕጋዊና ወጪ የሌለው አማራጭ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ ቅጂ 3.0 ውስጥ ከተካተተ በኋላ አማርኛ ለመጻፍ የግድ የሚከፈልበት ፕሮግራም መግዛት አላስፈለገም።

የክፍት ምንጭ አማራጮች

የክትትል ውጤት ሁልጊዜ «ግዛ» ወይም «አትግዛ» ብቻ አይደለም፤ «በሌላ ተካ» የሚል መደምደሚያም ሊሰጥ ይችላል። በአገራችን ትላልቅ የሕዝብ ሥርዓቶች በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ቆመው ይሠራሉ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሞሲፕ በተባለ የክፍት ምንጭ መሠረት ላይ የተገነባ ነው። የጤናው ዘርፍ የመረጃ ሥርዓትም የሚጠቀመው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን ዲኤችአይኤስ 2 ነው። በካርታ ሥራ ኪውጂአይኤስ፣ በስታቲስቲክስ ደግሞ አር የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ፈቃድ ክፍያ ያገለግላሉ።

ይሁን እንጂ የፈቃድ ክፍያ የሌለው ሶፍትዌር ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሥልጠና፣ ነባር ፋይሎችን መቀየርና ቋሚ ባለሙያ ያስፈልጋል። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም የራሱ የፈቃድ ውል ስላለው በመዝገቡ ውስጥ መካተት አለበት።

ሌላው ጥንቃቄ «ማንም አይጠቀምበትም» የተባለን ፕሮግራም ከማንሣት ጋር የተያያዘ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፉ ደብዳቤዎችና ውሳኔዎች፣ እንዲሁም በቀድሞ የፒችትሪ ቅጂዎች የተያዙ ሒሳቦች በሌላ ፕሮግራም በትክክል ላይነበቡ ይችላሉ። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይከፈት ፕሮግራም የአሥር ዓመት መዝገብ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ከማንሣቱ በፊት ፋይሎቹ ወደ አዲስ ዓይነት መለወጣቸውንና የኦዲትና የመዝገብ ቤት ክፍሎች መስማማታቸውን ማረጋገጥ ይገባል።

የሠራተኛው ግላዊ መረጃ

የአጠቃቀም መዝገብ ማን፣ መቼና በየትኛው ፕሮግራም እንደሠራ ስለሚያሳይ የግል መረጃ ነው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መንፈስ መሠረት መረጃው የሚሰበሰበው ለተገለጸ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ መሆን አለበት። ለፈቃድ ክትትል የሚያስፈልገው የፕሮግራሙ ስም፣ የተጠቃሚው መለያና ሰዓቱ እንጂ ሠራተኛው የጻፈው ይዘት ወይም የስክሪኑ ምስል አይደለም። ሠራተኞች ክትትል መኖሩን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። መዝገቡን ማን እንደሚያይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥም በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል። የፈቃድ ቆጠራን የሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያ ማድረግ ሠራተኛው ፕሮግራሙን ያለ ሥራ ከፍቶ እንዲያስቀምጥ ስለሚገፋፋው ቆጠራውን ራሱን ያበላሸዋል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. «ሲስተም የለም» የተባለ ተገልጋይ ምክንያቱንና አገልግሎቱ የሚጀመርበትን ጊዜ በአክብሮት መጠየቅ ይችላል። ችግሩ የመብራት፣ የመስመር ወይም የሶፍትዌር መሆኑን ማወቁ በከንቱ ከመመላለስ ያድነዋል።

2. በመሥሪያ ቤቱ በተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ላይ ለየአገልግሎቱ የተወሰነውን ጊዜ መመልከት ይገባል። ጊዜው ካለፈ ጉዳዩን ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አካል፣ መፍትሔ ካልተገኘም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይቻላል።

3. አቤቱታ ሲቀርብ የተመላለሱበትን ቀንና ሰዓት መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል። ብዙ ተገልጋዮች በተመሳሳይ ሰዓት መመለሳቸው ሲታይ ለሥርዓት አስተዳዳሪውም የፈቃድ መጨናነቅን የሚጠቁም ማስረጃ ይሆናል።

4. መሥሪያ ቤቱ ለሶፍትዌር ያወጣውን የሕዝብ ገንዘብ ማወቅ የሚፈልግ ዜጋ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው።

5. በፍላሽ ዲስክ ሰነድ የሚያቀርብ ተገልጋይ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽ፣ የሰነዱን የታተመ ቅጂም መያዝ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የሶፍትዌር ፈቃድ አጠቃቀም ክትትል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አንድ መዝገብ፣ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚደረግ ቆጠራ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተዘጋጀ የማብቂያ ቀኖች ሠንጠረዥና በክሊራንስ ቅጽ ላይ የሚጨመር አንድ መስመር ሥራውን ለመጀመር ይበቃሉ። እነዚህ ባሉበት መሥሪያ ቤት ኃላፊው የሚያስፈልገውን ብቻ ይገዛል፤ የማያስፈልገውን ይተዋል፤ ቀኑ ሳይደርስም ያድሳል። ከጎዛምን፣ ከደብረ ኤልያስ ወይም ከደጀን ተነሥቶ መስኮት ላይ የሚቆመው ተገልጋይም ቀኑ አስቀድሞ በታወቀ ምክንያት ወደ መጣበት አይመለስም።